በፊኛና በጋዜጣ የሠራሁት የራስ ቁር ሰረጎደብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (የልጆች እናት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለልጄ ድራማ የጥንት ወታደር የራስ ቁር እየሠራሁ ነው። የጭንቅላቱ ዙሪያ 54 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ፊኛውንም 54 አድርጌ ነፋሁት። አምስት ዙር ጋዜጣ በአንዴ ለጥፌ በነጋታው ፊኛውን በመርፌ ስወጋው ቁሩ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። ውስጡ እርጥብ ነው፣ ይሸታልም። የቀረኝ 6 ቀን ነው። በእጄ ያለው ካርቶን፣ ጋዜጣ፣ ዱቄት፣ ኮላ፣ መቀስና ስኮች ነው።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ያንን ተይውና አዲስ ጀምሪ፤ አንዴ የሸተተ ወረቀት ሻጋታ ጀምሮታል።

መጀመሪያ ልኩን አስተካክዪ። ውስጡ 1 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ስለሚገባበት ዙሪያው በ6 ያህል መጨመር አለበት። ስለዚህ ፊኛው 60 ይሁን፤ በ54 የተሠራው ቢደርቅም ኖሮ አይገባለትም ነበር።

ሙጫውን አብስዪው። 1 ብርጭቆ ዱቄት በ1 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪና በ4 ብርጭቆ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰልሽ ጨምሪው፤ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ሻጋታ እንዳይዘው 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሪበት፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ተጠቀሚበት።

ጋዜጣውን በመቀስ አትቁረጪው፣ በእጅሽ ቅደጂው። የተቀደደ ጠርዝ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሃዳል፤ የተቆረጠው ግን መስመሩ ከቀለም በኋላም ይታያል። ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሙጫ ውስጥ ከነከርሽው በኋላ በሁለት ጣትሽ መሃል ሳቢና ትርፉን አራግፊ። ወረቀቱ መራስ እንጂ መንጠባጠብ የለበትም።

በቀን 2 ዙር ብቻ ለጥፊ፣ በ3 ቀን 6 ዙር ይሆናል። አንዱን ዙር በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም አድርጊው። አምስቱን በአንዴ ስትለጥፊ ላይኛው ይደርቅና የውስጡን እርጥበት አፍኖ ያስቀረዋል። ያንቺም የሰረጎደው ለዚህ ነው።

ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር አታድርጊው። አየሩ ሲሞቅ ፊኛው ይነፋና ወረቀቱን ይሰነጥቀዋል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተራል። ነፋሻ ጥላ ይሻለዋል። ፊኛውን አስቀድመሽ በስሱ ዘይት ቀቢው። ስታወጪውም በመርፌ አትውጊው፤ ከቋጠሮው ሥር በመቀስ ጫፍ ትንሽ ነክተሽ አየሩ ቀስ ብሎ ይውጣ። በድንገት ከፈነዳ የተጣበቀውን ወረቀት ይዞ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

መልስ 2፦
6 ቀን ብቻ ከቀረ እኔ የምመርጠው ካርቶን ነው፤ እስኪደርቅ ብዙ የሚጠበቅ እርጥበት የለውም። ከስስ ካርቶን 8 ቅጠል ቁረጪ፦ ቁመት 15፣ የታችኛው ወርድ 7.5፣ ጫፉ ሹል። ቁም ነገሩ ወገቡ ላይ ነው። በቁመቱ እኩሌታ ላይ ወርዱ 5.3 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ጎኑን ቀጥ አድርገሽ ሦስት ማዕዘን ካደረግሽው ግን አናቱ ይሾላል። ቅጠሎቹን ጎን ለጎን ከውስጥ በስኮች አያይዢ፣ ከውጭ 2 ዙር ጋዜጣ ለጥፊበት።

የታችኛው ቀበቶ ከወፍራም ካርቶን ይሁን፤ ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 63 (3ቱ ለመደራረቢያ)። ስትቆርጪ በሁለቱ ወረቀት መሃል ያለው ሞገድ በወርዱ በኩል እንዲያልፍ አድርጊ፤ በርዝመቱ ከሄደ ሲታጠፍ ይሰበራል። ከመለጠፍሽ በፊት በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ደጋግመሽ ጎትቺው፤ ራሱ ይጠቀለላል።

መልስ 3፦
ከሁለቱም በላይ የሚያስጨንቀኝ ዕይታው ነው። ልጁ መድረክ ላይ ደረጃ ሊወጣ ይችላል፤ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ክፍት ተዪለት። መሸፈን ግድ ከሆነ ቀዳዳውን በግምት አትቁረጪ፤ ቁሩን አጥልቆ ሳለ ከአናቱ እስከ ዓይኑ ለኪና በእርሳስ ምልክት አድርጊ፤ ስታወልቂው ቁረጪ። ከፍታው 3፣ ወርዱ 14 ይበቃል። አፉ ፊት ለፊት የአየር ቀዳዳዎች ይኑሩ። የመንጋጋ ማሰሪያውም ላስቲክ ይሁን፣ ሲጎተት የሚለቅ። ሳይክል ላይ ግን በፍጹም አታስደርጊው፤ ወረቀት ጭንቅላትን አይከላከልም።

የልጆች እናት፦
እግዜር ይስጣችሁ። በፊኛው እቀጥላለሁ። ብርማ ቀለም በቀጥታ ልቀባው?

መልስ 1፦
አይ፣ የውሃ ቀለም የዱቄቱን ሙጫ መልሶ ያርሰውና ወረቀቱ ይጨማደዳል። መጀመሪያ ኮላና ውሃ እኩል ለእኩል ደባልቀሽ ሁለት ጊዜ ቀቢው፣ በየመሃሉ ይድረቅ። ከዚያ ሙሉውን ጥቁር ቀቢ። ጥቁሩ ሲደርቅ ብርማውን በደረቅ ስፖንጅ ጫፍ ትንሽ ነክተሽ፣ ወረቀት ላይ ጠርገሽ፣ ጉብ ጉብ ያለውን ቦታ ብቻ አሺው። ጎድጎድ ያለው ጥቁር ሆኖ ሲቀር ብረት ይመስላል። የሚረጭ ቀለም ካገኘሽ የውስጡን ስፖንጅ ከመለጠፍሽ በፊት ተጠቀሚበት፤ አንዳንዱ ስፖንጅ ያቀልጣል።