ክርክር፦ አንድን ሕግ ለመሻር የአምስት ዳኞች ድምፅ ይበቃልን?

የክርክሩ ጭብጥ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዘጠኙ ዳኞቹ በአምስቱ ድምፅ ብቻ የሕዝብ ተወካዮች ያወጡትን ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ውድቅ ማድረጉ ተገቢ ነውን? (የአሜሪካ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጥያቄውን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። የሕገ መንግሥት ሕግ ትምህርት የጀመርን ሳምንት፣ ሕግን የመሻር ሥልጣን ለፍርድ ቤት የተሰጠበትን አንቀጽ ፈልጌ አጣሁት። ሦስተኛው አንቀጽ የዳኝነት ሥልጣን የአንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና ኮንግረስ የሚያቋቁማቸው የበታች ፍርድ ቤቶች እንደሆነ ይናገራል፤ ዳኞች ተወካዮች ያጸደቁትን ሕግ ዋጋ ማሳጣት ይችሉ እንደሆነ ግን በግልጽ የሚለው ነገር የለም። ሥልጣኑ የጸናው በፍርድ ነው፤ ያውም ፍርዱን የጻፈው ሰው በነገሩ ውስጥ እጁ በነበረበት ፍርድ።

በ1800 ምርጫ የተሸነፉት ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ሥልጣን ሊያስረክቡ ሲሉ ዊልያም ማርበሪ የተባለ ሰው በዋና ከተማዋ ግዛት የሰላም ዳኛ እንዲሆን ሾሙት፤ በእኛ የቀድሞ አጠራር አጥቢያ ዳኛ ልንለው እንችላለን። የሹመት ደብዳቤውን ማኅተም አድርጎ ማድረስ የነበረበት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ማርሻል ሲሆን፣ ማኅተሙን ካደረገ በኋላ ደብዳቤው ሳይደርስ ቀረ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን እንዳይሰጠው ስላደረጉ፣ ማርበሪ አዲሱን ሚኒስትር ጀምስ ማዲሰንን በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በዚያን ጊዜ ዋና ዳኛው ማን ነበር? ያው ጆን ማርሻል። ፍርዱ በ1803 ሲሰጥ፣ ማርበሪ ደብዳቤው ይገባዋል፣ ነገር ግን ጉዳዩን በመጀመሪያ ደረጃ እንድናይ የፈቀደልን የ1789 የፍርድ ቤቶች ሕግ 13ኛ ክፍል ሕገ መንግሥቱ ከሰጠን ሥልጣን ስለሚያልፍ አይጸናም ተባለ። ማርሻል ትንሿን ሥልጣን አልፈልግም ብሎ ትልቋን ወሰደ፤ ጀፈርሰንም እምቢ ሊሉት የሚችሉት ትእዛዝ አልደረሳቸውም። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ብልሃት ግን መሠረት አይሆንም።

ሥልጣኑ ጨርሶ ይቅር አልልም። የሚከብደኝ የድምፁ ቁጥር ነው። የ1965ቱን የመምረጥ መብት ሕግ ሴኔቱ በ2006 ሲያድስ ድምፁ 98 ለ0 ነበር። በ2013 አምስት ዳኞች፣ አራቱ እየተቃወሙ፣ የትኞቹ ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ፈቃድ መጠየቅ እንዳለባቸው የሚወስነውን ክፍል አፈረሱት። የኔብራስካ ሕገ መንግሥት ሕግ ለመሻር ከሰባት ዳኞች የአምስቱን፣ የሰሜን ዳኮታው ደግሞ ከአምስት የአራቱን ድምፅ ይጠይቃል። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ከዘጠኝ ሰባት ቢጠየቅ ምን ይጎድላል?

ጠበቃ፣ ዳላስ

ወንድሜ፣ ጥሩ ጀምረሃል፤ አንድ አንቀጽ ግን ዘለልህ። ስድስተኛው አንቀጽ ሕገ መንግሥቱና በእርሱ መሠረት የወጡ ሕጎች የአገሪቱ የበላይ ሕግ እንደሆኑ ይደነግጋል። በአንድ መዝገብ ላይ የሚቃረኑ ሁለት ሕጎች የቀረቡለት ዳኛ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፤ የበላዩን ትቶ የበታቹን ቢመርጥ የበላይነቱ በወረቀት ብቻ ይቀራል። ከአገሪቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው አሌክሳንደር ሃሚልተን ይህን ከማርበሪ ፍርድ 15 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ ሲከራከር ጽፎታል። ማርሻል ሐሳቡን አልፈጠረውም፤ ሥራ ላይ አዋለው እንጂ።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። አንተ የጠላኸውን ፍርድ መርጠህ አመጣህ፤ እኔም የምትወደውን ላምጣ። ኮንግረስ በ2006 ባወጣው ሕግ አሜሪካ በኩባ ባላት የጓንታናሞ ወታደራዊ እስር ቤት የያዘቻቸው ሰዎች አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት እንዳያቀርቡ ከልክሎ ነበር። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን የሻረው በ5 ለ4 ድምፅ ነው። በአንተ መለኪያ እነዚያ ሰዎች የታሰሩበትን ምክንያት ዳኛ ሳያይላቸው በቀሩ ነበር። በሌላ በኩል የፍርድ ቤቱ ትልቁ ነውር የሆነው የድሬድ ስኮት ፍርድ፣ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም፣ ኮንግረስም ገና ግዛት ባልሆኑት የፌዴራል መሬቶች ባርነትን መከልከል አይችልም ያለው የ1857 ውሳኔ፣ በ7 ለ2 የተሰጠ ነው። በውጤቱ የድምፅ ቁጥር ብቻ ቢታይ፣ ሰባት ድምፅ መጠየቁ ድሬድ ስኮትን አያስቀረውም ነበር። ያቀረብከው አጥር ክፉውን አሳልፎ ደጉን ያስቀራል።

ኔብራስካንም ካነሣህ የሆነውን ጨርሰህ ንገረን። የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ የሚያልፍበትን መስመር አገረ ገዥው እንዲያጸድቅ የሚፈቅድ ሕግ በባለመሬቶች ተከሶ ነበር። በ2015 አራት ዳኞች ሕጉ የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ይቃረናል አሉ፤ የቀሩት ሦስቱ ባለመሬቶቹ የመክሰስ መብት የላቸውም በማለት ስለ ሥረ ነገሩ ሳይናገሩ ቀሩ። አምስተኛ ድምፅ ስላልተገኘ ሕጉ ጸና። ሕጉ ትክክል ነው ያለ አንድም ዳኛ ሳይኖር፣ ትክክል አይደለም ያሉት አራቱ ተሸነፉ።

የታሪክ ተማሪ፣ ሚኒያፖሊስ

ሁለታችሁም የፍርድ ቤቱ ቃል በእርግጥ የመጨረሻ እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የምትከራከሩት። የድሬድ ስኮትን ፍርድ በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሽሮታል። በ1895 የተሻረውን የገቢ ግብር 16ኛው ማሻሻያ በ1913 መልሶታል። ማሻሻል ከባድ እንደሆነ አልክድም፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛና የ38 ግዛቶች ስምምነት ያስፈልጋል። ኮንግረስ ግን ሌላ መሣሪያም አለው፤ ይግባኝ የመስማት ሥልጣንን ማጥበብ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ አንድ የሚሲሲፒ ጋዜጠኛ በወታደር ተይዞ ያቀረበው አቤቱታ ክርክሩ ከተሰማ በኋላ ኮንግረስ በ1868 ሥልጣኑን ከፍርድ ቤቱ ነጠቀ፤ ፍርድ ቤቱም በ1869 ይህን ተቀብሎ መዝገቡን ዘጋ። የተማሪው ሐሳብም አዲስ አይደለም፤ በዚያው በ1868 የተወካዮች ምክር ቤት ሕግ ለመሻር የዳኞች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠየቅ የሚል ረቂቅ አሳልፎ፣ ሴኔቱ ሳያጸድቀው ቀርቷል።

የሕግ መምህርት፣ አዲስ አበባ

ጥያቄው የአሜሪካ ቢሆንም ከዚህ ወገን የሚታይ ነገር ስላለ ልጨምር። የእኛ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለዳኞች አልሰጠም፤ በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚገኙበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ዳኞችና የሕግ ባለሙያዎች የሚቀመጡበት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ከማቅረብ አያልፍም። ምክንያቱ ተማሪው ካነሣው ሥጋት ጋር አንድ ነው፤ ሰነዱ የሕዝቦች ቃል ኪዳን ከሆነ ቃሉን ያልተመረጠ ዳኛ አይፍታው የሚል ነው።

ይህ ምርጫ ምን እንደሚያስከትል በ2012 ዓ.ም. አይተናል። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፣ የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን ካለቀ በኋላ አገሪቱን ማን ያስተዳድራል የሚለው ጥያቄ ለትርጉም ቀረበ። አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን በአደባባይ ሰማ፤ ያ ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ተማሪዎቼ ከየትኛውም ንግግሬ የበለጠ እንደተማሩበት በኩራት ሳይሆን በሐቅ እናገራለሁ። ከዚያም ሥልጣን ይራዘም ወይስ አይራዘም የሚለውን ሰኔ 3 ቀን የወሰነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ማለትም የራሱ የሥራ ዘመን በጥያቄው ውስጥ ያለ አካል ሆነ። ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው አልገባም። ማርሻል በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሆነ የሚል ተማሪ ግን፣ ሥልጣኑን ከዳኞች ማራቅ ይህንን ችግር እንደማይፈታው ልብ ይበል።

የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መምህርት፣ አመሰግናለሁ፤ የእርስዎን ነጥብ እቀበላለሁ፣ እኔም ሥልጣኑ ወደ ፖለቲካ አካል ይዙር አላልኩም። የጠበቃው የጓንታናሞ ምሳሌ ግን አስጨንቆኛል፤ ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። እንግዲህ ሐሳቤን ላጥብበው። ሕጉ የሰውን አካል የሚይዝ፣ ንግግሩን የሚያፍን ወይም ድምፁን የሚነፍግ ከሆነ የአምስት ዳኞች ድምፅ ይብቃ። ሕጉ ግብርን፣ ንግድን ወይም የመንግሥትን አሠራር የሚመለከት ከሆነ ሰባት ይጠየቅ። በ1905 የኒው ዮርክ የዳቦ ጋጋሪዎችን ሥራ በሳምንት 60 ሰዓት የገደበው ሕግ በ5 ለ4 የተሻረበት ዓይነት ፍርድ በዚህ ይቀር ነበር፤ የእስረኞቹም አቤቱታ አይጠፋም።

ጠበቃ፣ ዳላስ

የተሻለ ሐሳብ ነው፤ የራስህን ምሳሌ ግን መልሰህ አንብብ። በ1905 አብላጫው ሕጉን የሻረው ስለ ንግድ ሥርዓት አስቦ አይደለም፤ ሠራተኛውና አሠሪው የመዋዋል ነጻነት አላቸው፣ ይህም በ14ኛው ማሻሻያ የተጠበቀ የሰው መብት ነው ብሎ ነው። ከተቃወሙት አራቱ ሦስቱ ደግሞ አይደለም፣ ግዛቲቱ የሠራተኛን ጤና ለመጠበቅ ያወጣችው ሕግ ነው አሉ። በአንተ ደንብ መዝገቡ ከየትኛው ሣጥን እንደሚገባ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ያንን የሚወስኑት እነዚያው ዘጠኝ ዳኞች ናቸው፤ በስንት ድምፅ?