ሁለት ልጅ አብሮ ሲጫወት ማሽኑ ይጠፋል፤ ነገ ዒድ ነው፣ ድረሱልኝ

የሰኞ ገበያው
ሰላም ጀመዓ፣ ቶሎ ድረሱልኝ። ለቤት ልጆች ብዬ የጌም ማሽን ሰርቻለሁ። እንደ ድሮው ጌም ቤት ቆመው የሚጫወቱበት፣ ዱላና ቁልፍ ያለው። ሳጥኑ ቺፕውድ፣ ውስጡ ራዝበሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ስክሪኑ የድሮ ኮምፒውተር ሞኒተር ነው። አንድ ልጅ ሲጫወት ምንም አይልም። ሁለተኛው ገብቶ ቁልፍ መደብደብ ሲጀምሩ ስክሪኑ ይጨልምና ከመጀመሪያው ይነሳል። ፓክማን ላይ ሰላም ነው። ስትሪት ፋይተር ላይ ግን አንድ ዙር አያስጨርስም። ጌሙ የተበላሸ ይመስለኛል። ደህና ፋይል ያለው ሰው ደሴ ውስጥ ካለ አሁኑኑ መጥቼ እወስዳለሁ። ነገ ዒድ ነው፣ የእህቴ ልጆች ከኮምቦልቻ ይመጣሉ።

የሆጤ ልጅ
ሜሞሪውን ፎርማት አድርገህ እንደ አዲስ ጫንበት። የኔም እንደዛ ሲያደርግ ነበር፣ ለቀቀው።

ጦሳ ስር
ልጆቹ ሲደባደቡበት ደንግጦ አመለጠ በለና! ለመሆኑ ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት አይተሃል? ጦሳ ተራራ ላይ መብረቅ ካየህ ቤት ትገባለህ፣ ፓይ ላይ ካየህ ቻርጀር ትቀይራለህ።

ጋሽ መምህር
ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ። እናንተ ዕቃ የምታጠፉት ከሶኬት በመንቀል ነው። ራዝበሪ ፓይ ኮምፒውተር እንጂ ቴሌቪዥን አይደለም። ሜሞሪው ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ከተቋረጠበት ፋይሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በቀጣዩ ቀን አልነሳም ሲልህ ዕቃውን ትረግማለህ። ከሜኑው ላይ አጥፋው፣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት እስክታቆም ጠብቅ፣ ከዚያ ንቀል። በኛ ከተማ ደግሞ መብራት ሳይሰናበት ስለሚሄድ፣ ሁሉን ካስተካከልክ በኋላ የሜሞሪውን ግልባጭ በሌላ ሜሞሪ አስቀምጥ። ሌላው የቁመቱ ጉዳይ ነው። ዱላው ያለበት ጣውላ ከ90 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቆሞ ለሚጫወት አዋቂ ይመቻል፣ ለትንሽ ልጅ ግን ደረቱ ጋ ነው። በርጩማ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይወድቃል። ስትሰራው ይህን አስበህበታል?

የሰኞ ገበያው
ጀዛከላህ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው። አሁን የቸገረኝ ግን መጥፋቱ ነው። ጦሳ ስር፣ አዎ ቢጫ መብረቅ ቀኝ ጥግ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። እሱ ጌሙ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም እንዴ?

ቀጥታ መስመር
ለምንድን ነው ይሄን ሁሉ መከራ የምታየው? ሁለተኛ እጅ ፕሌይ ስቴሽን ገዝተህ አትገላገልም? ወይ ጆተኒ አሰራላቸው። ጆተኒ መብራት አይል፣ ፎርማት አይል። ልጆቹም ስክሪን ላይ ከሚያፈጡ ይሻላቸዋል።

ጦሳ ስር
ጆተኒውም ኳሱ ይጠፋና «ኳስ የሸሸገው ማነው» የሚል ጦርነት ይነሳል። ሰውየው የሰራውን ሰርቷል፣ ተወው።

እህተ ኮምቦልቻ
ወንድሜ፣ ፋይል ፍለጋ ከመውጣትህ በፊት መልስልኝ። ፓይው ስንተኛው ነው? በምን ቻርጀር ነው የሚሰራው? ገመዱስ? ቁልፎቹ መብራት አላቸው? ዩኤስቢው ላይ ሌላ ምን ተሰክቷል?

የሰኞ ገበያው
ፓይ 3 ነው። ቻርጀሩ የስልኬ፣ 67 ዋት ስለሆነ ኃይል አያጥረውም። ገመዱ የቆየ የስልክ ገመድ ነው፣ ሶኬቱ ስለራቀ ባለ 2 ሜትሩን አደረግኩ። ቁልፎቹ ሲጫኑ የሚበሩ ናቸው፣ ለዒዱ ብዬ ትናንት ነው የቀየርኳቸው። ስፒከሩም ኃይሉን ከዩኤስቢ ነው የሚወስደው። ግን ይሄ ሁሉ ከጌሙ ጋር ምን አገናኘው?

እህተ ኮምቦልቻ
አብሽር፣ ጌምህ ጤነኛ ነው። የተራበው ፓይው ነው።

67 ዋቱን እርሳው። ያ ዋት የሚመጣው ቻርጀሩና ስልኩ ተግባብተው ቮልቱን ከፍ ሲያደርጉ ነው። ፓይ 3 እንደዛ አይግባባም፣ የሚደርሰው ተራው 5 ቮልት ብቻ ነው። ቻርጀሩን ገልብጠህ ደቃቁን ጽሑፍ አንብብ። 5 ቮልት ከሚለው ጎን የተጻፈው አምፒር ነው ያንተ ድርሻ። ለፓይ 3 የሚመከረው 5.1 ቮልት፣ 2.5 አምፒር ነው። ያቺ 0.1 ገመዱ ላይ ለሚባክነው ማካካሻ ናት። ውሃ በቀጭንና በረጅም ጎማ ሲሄድ ጫፉ ላይ እንደሚደክመው፣ ያንተም ገመድ ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል። 4.63 ቮልት አካባቢ ሲወርድ ያ ቢጫ መብረቅ ይመጣል። ከዚያም ሲብስ ፓይው ራሱ ይወድቅና እንደገና ይነሳል።

አሁን ደምረው። አንዷ የቁልፍ መብራት 20 ሚሊ አምፒር ገደማ ብትወስድ፣ አሥር ጣት አንድ ላይ ሲያርፍ ድንገት 200 ተጨመረ ማለት ነው። ስፒከሩ አለ። ሞኒተሩን በኤችዲኤምአይ መቀየሪያ (የፓይውን ምስል ለድሮ ሞኒተር በምታስማማዋ) አገናኝተኸው ከሆነ መቀየሪያውም ከፓይው ነው የሚጠጣው። የፓይ 3 አራቱ ዩኤስቢ ተደምረው 1.2 አምፒር ነው ጣሪያቸው። ፓክማን ላይ ሁለት ሰው ተራ በተራ ስለሚጫወት ሰላም የሆነው ለዚህ ነው። ስትሪት ፋይተር ግን ለአንድ ሰው ስድስት መምቻ አለው፣ ልጆቹም አይምሩትም።

ለማረጋገጥ የሳጥኑን ጀርባ ክፈት። ልጆቹ ይጫወቱ፣ አንተ ሰሌዳው ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ተመልከት። ፓይ 3 ላይ ቮልት ሲወርድ ቀይዋ ትጠፋለች። ብልጭ ድርግም ካለች ክርክሩ አለቀ።

ለዛሬ ማታ ከየቁልፉ የ5 ቮልቷን የመብራት ሽቦ ብቻ ንቀል፣ ቁልፉ ራሱ ይሰራል። ስፒከሩን በሌላ ቻርጀር አብራው። ገመዱን አጭርና ወፍራም አድርግ። 5 ቮልት 2.4 አምፒር የሚል የታብሌት ቻርጀር ቤት ካለ ያን ተጠቀም።

የሆጤ ልጅ
እኔ ግን ፎርማት ነው የምለው።

ሀረጎ ላይ
ቀላሉን ልንገርህ። የሶላር ባትሪ ካለህ ከፓይው ጋር ቀጥታ አገናኘው፣ መብራት ቢሄድም ይጫወታሉ።

እህተ ኮምቦልቻ
እንዳትሰማው! የሶላር ባትሪ 12 ቮልት ነው፣ ፓይው የሚችለው 5 ነው። ያለ መቀነሻ ካስገባኸው በዒድ ጠዋት ቤቱ ጭስ ጭስ ይላል። መብራት ቢሄድ ከፈለግክ ደህና ፓወር ባንክ ይበቃሃል፣ ሞኒተሩ ግን ለብቻው መላ ይፈልጋል።

ሀረጎ ላይ
መቀነሻ ይገባበታል ብዬ ነው እንጂ።

ጦሳ ስር
«ቀጥታ» ያልከውስ?

የሰኞ ገበያው
ቀይዋን አየኋት። አንዱ ልጅ ሲነካ ዝም ትላለች፣ ሁለቱም ሲደበድቡ ጥፍት ብልጭ ትላለች። ቻርጀሩ ላይ ከ5 ቮልት ጎን 2 አምፒር ይላል። በዚህ ሰዓት ወፍራም ገመድ የት አገኛለሁ?

ጦሳ ስር
የዒድ ዋዜማ ማን ሱቅ ይዘጋል? ፒያሳ ሂድ። ገመዱን በጣትህ እሸው፣ ለስለስና ቀጠን ካለብህ ተወው። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ቢልህም ተወው። ከ1 ሜትር በላይ እንዳትገዛ፣ ከፈለግክ ሶኬቱን በማከፋፈያ አቅርበው።

ጋሽ መምህር
ስትወጣ ማሽኑን በሥርዓቱ አጥፍተህ ነው?

ቦርከና ማዶ
ዒድ ሙባረክ። ካለፈ በኋላ መጣሁ፣ ሰውየው ምን ላይ እንደደረሰ ያወቀ አለ? እኔም እየሰራሁ ነው። የኔ ኃይሉ ደህና ነው፣ ግን አንዳንዴ ሲነሳ የአንደኛው ዱላ ለሁለተኛው ይሆናል። ልጆቹ «ቦታዬን ቀማኝ» እያሉ አስቸገሩኝ።

ጦሳ ስር
የሆጤ ልጅ ፎርማት ሳይልህ ልመልስልህ። ከዱላዎቹ ወደ ዩኤስቢ የሚሄዱት ሁለቱ ትንንሽ ሰሌዳዎች አንድ ዓይነት ናቸው፣ ስማቸውም አንድ ነው። ፓይው የሚለያቸው በተሰኩበት ቀዳዳና በቀደመው ነው። ቀዳዳዎቹን በእስክሪብቶ 1 እና 2 ብለህ ጻፍባቸው፣ ከዚያ በኋላ አታቀያይር። ሲበራም ሁለቱም ተሰክተው ይጠብቁት። እየበራ ሳለ የሚነቅል ልጅ ካለ እሱን መጀመሪያ አስተካክል።