ክሬቲን ኩላሊትን ይጎዳል ወይስ የደም ምርመራውን ያሳስታል?

የመወያያ ጥያቄ፦ ጤናማ ወጣት ጡንቻውን ለማጎልበት በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ክሬቲን የተባለውን ዱቄት ቢወስድ ኩላሊቱን ይጎዳዋል?

የወጣቱ እናት፦ ይጎዳል ባይ ነኝ። የ22 ዓመት ልጄ በጂም ጓደኞቹ ምክር ይህን ዱቄት ሁለት ወር ከወሰደ በኋላ ደሙን ሲመረመር ክሬቲኒን የተባለው የኩላሊት መለኪያ ከመደበኛው ልክ አልፎ ተገኘ፤ ሐኪሙም ለኩላሊቱ ክትትል እንደሚያስፈልገው ነገረን። ሕመም የማያውቅ ልጅ ለክንዱ ውፍረት ሲል ለምን ይህን ጣጣ ይሸከማል?

የላቦራቶሪ ባለሙያው፦ እህቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ቁጥሩ ምን እንደሚናገር መለየት ያስፈልጋል። ክሬቲኒን በጡንቻ ውስጥ ያለው ክሬቲን ሲፈራርስ የሚገኝ ተረፈ ምርት ሲሆን ኩላሊት በሽንት ያስወግደዋል፤ ስለዚህ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል። ይሁን እንጂ ክሬቲን የሚወስድ ወይም ጡንቻው የዳበረ ሰው ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ከፍ ሊልበት ይችላል፤ የኩላሊት የማጣራት አቅምም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ቁጥር ተሰልቶ ስለሚነገር ጤናማው ሰው ታማሚ መስሎ ይታያል። በጡንቻ ብዛት እምብዛም የማይዛባው ሲስታቲን ሲ የተባለው የደም ፕሮቲን ምርመራ እና አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን በሽንት መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ ነገሩን ለመለየት ይረዳሉ። ለመሆኑ ልጅዎ ዱቄቱን እንደሚወስድ ለሐኪሙ ነግሮት ነበር?

የወጣቱ እናት፦ አልነገረውም፤ ሐኪሙም አልጠየቀውም።

አሰልጣኙ፦ ክሬቲን ለሰውነታችን ባዕድ አይደለም፤ ራሱ በቀን 1 ግራም ያህል ይሠራል፣ ከሥጋና ከዓሣም ያገኛል፤ አብዛኛውንም በጡንቻ ያከማቻል። ክብደት እንደ ማንሳት ባለ የጥቂት ሰከንዶች ከባድ ሥራ ላይ የጡንቻው ኃይል ቶሎ እንዲተካ ያግዛል። ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ አልከለከለውም፤ በጤናማ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በተመከረው መጠን የኩላሊት ጉዳት አላሳዩም። ለማራቶን ሯጭ ግን አልመክረውም፤ ጡንቻው ውሃ ስለሚይዝ ክብደት ይጨምርበታል።

ክብደት አንሺዋ፦ ከጾመኛ ቤት ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። ሥጋ የማይበላ ሰው በጡንቻው ውስጥ ያለው ክሬቲን ዝቅ ያለ ስለሆነ ዱቄቱን ሲጀምር ለውጡ ይበልጥ ይታወቀዋል። ዱቄቱ በፋብሪካ በኬሚካል ቅመማ የሚዘጋጅ እንጂ ከእንስሳ የሚወጣ አይደለም፤ የእንክብሉ ሽፋን ግን ከእንስሳ የተገኘ ጄላቲን ሊሆን ስለሚችል እኔ ንጹሑን ዱቄት እመርጣለሁ። ከሌሎች አነቃቂዎች ጋር ተደባልቆ የሚሸጠውን ግን አልነካም፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ ማወቅ አይቻልምና።

የወጣቱ እናት፦ የልጄ ቁጥር በዱቄቱ ምክንያት ከፍ ብሎ ሊሆን እንደሚችል እቀበላለሁ። ነገር ግን ሁላችሁም «ጤናማ ሰው» ትላላችሁ፤ ጂም ከሚገቡት ወጣቶች መካከል ኩላሊቱን አስመርምሮ ጤናማ መሆኑን ያረጋገጠ ስንቱ ነው?

የላቦራቶሪ ባለሙያው፦ በዚህ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተዘገበው፣ ክሬቲን ሲወስድ የኩላሊቱ አቅም ቀንሶ ሲያቆም የተሻለው የ25 ዓመት ወጣት አስቀድሞ የኩላሊት ሕመም ነበረበት። የኩላሊት ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መጀመር የለበትም። ልጅዎ ዱቄቱን ለጥቂት ሳምንታት አቁሞ፣ መውሰዱንም ለሐኪሙ ነግሮ፣ ደሙንና ሽንቱን ቢመረመር መልሱን ያገኛል።

የወጣቱ እናት፦ እንዲያ ይደረጋል። እርስዎም፣ አሰልጣኝ፣ ከእንግዲህ ክሬቲን ውሰድ ከማለትዎ በፊት ልጆቹን ስለ ጤናቸው ይጠይቋቸው።