ቢላዋ ሲሳል ስለቱንና ጥንካሬውን እንዴት ማመጣጠን ይቻላል?

ጠያቂ፣ ከአራዳ ጎንደር፦
ከባሌስትራ የተሠራው የወጥ ቤታችን ቢላዋ ተስሎ ሲመጣ ሽንኩርቱን እንደ ምላጭ ይከትፋል፤ የበግ አጥንት ሲመታበት ግን አፉ ወዲያው ይሸራረፋል። ስለቱን ሳያጣ እንዲጠነክር ምን ላድርግ?

መላሽ፣ ከማራኪ፦
ችግሩ ከማዕዘኑ ይመስለኛል። በየጎኑ 15 ዲግሪ ገደማ ተጋድሞ የተሳለ አፍ ስስ ስለሆነ ለሽንኩርትና ለጥሬ ሥጋ ይስማማል፤ ከበድ ላለ ሥራ ግን ከስለቱ ኋላ በቂ ብረት እንዲቀር ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያስፈልጋል። አጥንቱን ግን ለመጥረቢያ ቢተዉት እመርጣለሁ።

መላሽ፣ ከአዘዞ፦
በማዕዘኑ እስማማለሁ፤ አሳሳሉም ግን ይታይ። በግራይንደር ሲሳል አፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከወጣ፣ ብረቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሶ ጥንካሬው ቀንሷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው አፍ ከመሸራረፍ ይልቅ ቶሎ ይደንዛል። ስለዚህ በራሰ ድንጋይ ላይ በእጅ መሳል ይሻላል፤ አንዱን ጎን ሲስሉ በሌላኛው በኩል፣ ጣትዎን ከጀርባው ወደ አፉ ሲያንሸራትቱ የሚሻክር ስስ የብረት ትርፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲወጣ ይገልብጡት፤ በመጨረሻም ትርፉን ቀለል ባለ እጅ እየሳሉ ያስወግዱት።

ጠያቂ፦
ሰማያዊ ቀለም የለውም። ማዕዘኑን ለመቀየር ታዲያ አፉን በሙሉ እንደ አዲስ መሞረድ ይኖርብኛል?

መላሽ፣ ከማራኪ፦
አያስፈልግም። እንደ ወትሮው በ15 ዲግሪ ከሳሉት በኋላ ጀርባውን ትንሽ ከፍ አድርገው በየጎኑ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያሹት፤ ዓይን በጭንቅ የሚያየው ጠባብ ጠርዝ ይወጣና፣ ቢላዋው ስስነቱን ሳይለቅ አፉ ይጠነክራል።