ክርክር፦ የሐረር ሽማግሌ ቃል ለውክፔዲያ ምንጭ ይሁን?

ፈረስ መጋላ፦
ጥያቄዬ ይኸው። በጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ የባህላዊ ቤት ሳሎን አምስት ነደባ (ከፍ ያለ የመቀመጫ መደብ) አለው። ከእነሱ አንዱ በሆነው አሚር ነደባ ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ እንግዳ የት ላይ እንደሚያርፍ ጠንቅቀው የሚያውቁት የሐረር አባቶችና እናቶች ናቸው። ይህን በአማርኛው ውክፔዲያ ስንጽፍ ግን «ምንጭ ይጠቀስ» ተብሎ መለጠፊያ ይደረግበታል፣ አለዚያም ይሰረዛል። የተናጋሪው ማንነት፣ ቦታውና ቀኑ እስከተጻፈ ድረስ የሽማግሌ ቃል እንደ መጽሐፍ ይቆጠር ባይ ነኝ። አብዛኛው እውቀት በቃል በሚተላለፍበት አገር «የታተመ ብቻ» ማለት ግማሹን እውቀት ከበር መመለስ ነው።

ከዚራ፦
አልስማማም። «ሊረጋገጥ የሚችል ይሁን» የሚለው የውክፔዲያ ሕግ ሽማግሌን መናቅ አይደለም። ጎንደር ወይም ሞያሌ ያለ አንባቢ ራሱ ገልጦ ሊያየው ይችላል ወይ ነው ጥያቄው። መጽሐፍ ከሆነ ገጹን ይፈልጋል። «አንድ አባት ነገሩኝ» ከሆነ ግን ምኑን ያያል? ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. ጀጎልን ሲመዘግብ 82 መስጊድና 102 አዋች (የቅዱሳን መካነ መቃብር) ብሎ ጽፏል። አንድ አባት «ከዚያ ይበልጣል» ቢሉ ቁጥሩን ልንቀይር ነው? በማግስቱ ሌላው «ያንሳል» ሲሉስ? ጠይቆ፣ አመሳክሮ መጻፍ ምርምር ነው፤ ክቡር ሥራ ነው፤ ግን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ታትሞ ነው ወደ ውክፔዲያ የሚመጣው። ደግሞ ስለ ነደባ የታተመ ጽሑፍ አለ። ቤተ መጻሕፍት ሳንገባ «ምንጭ የለም» አንበል።

ፈረስ መጋላ፦
እሺ፣ አንድ ነገር መልስልኝ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር የቆየው 10 ቀን ያህል ነው። ከተማውን በቅጡ ሳይኖርበት፣ ግማሹን በግምት የጻፈው መጽሐፍ ያለ ጥያቄ ምንጭ ይሆናል። 70 ዓመት እዚያው ግንብ ውስጥ የኖረች እናት ግን «አትረጋገጥም» ትባላለች። ይህ ሚዛን ነው?

ከዚራ፦
ይህ ትክክለኛ ነጥብ ነው። ግን በርተንም ቢሆን ያየሁት ያለውን የጻፈ መንገደኛ ስለሆነ ቃሉ እንደ ውክፔዲያ የራሱ ቃል ሆኖ መግባት የለበትም። «በርተን እንደጻፈው» ተብሎ፣ ገጹ ተጠቅሶ ነው መግባት ያለበት። ብዙ ጽሑፎቻችን ይህን አያደርጉም፤ እዚያ ላይ ጥፋቱ የእኛው ነው።

ሸዋ በር፦
መፍትሔው እዚሁ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ በርተንን የምንይዝበት ሚዛን ለእናቲቱም ይሁን። የቃል ምንጭ ተሞክሮ ያውቃል። በ2011 እ.ኤ.አ. በዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ድጋፍ በህንድና በደቡብ አፍሪካ ሰዎች ተቀድተው፣ ጽሑፎች ቅጂውን እንዲጠቅሱ ተደርጓል። እንግሊዝኛው ውክፔዲያ መደበኛ ምንጭ አላደረገውም። የእያንዳንዱ ቋንቋ አርታኢዎች ግን በመሠረታዊ መርሆቹ ውስጥ ሆነው የራሳቸውን ዝርዝር ደንብ ማውጣት ይችላሉ።

በተግባር እንዲህ ይሁን። ለአንድ ርዕስ አንድ ቅጂ፣ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ፤ የሁለት ሰዓት ጨዋታ ውስጥ ገብቶ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈልግ አንባቢ የለም። መግቢያው ላይ ቀኑ፣ ቦታውና የተናጋሪው ፈቃድ በራሳቸው ድምፅ ይቀዳ። ፋይሉ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ፣ ማለትም የውክፔዲያ ድምፅና ሥዕል በሚቀመጥበት ድረ ገጽ ላይ ይጫን። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፤ አብዛኛው ስልክ ድምፅ የሚያስቀምጠው በኤም ፎር ኤ (m4a) የፋይል ዓይነት ሲሆን ኮመንስ ይህን ዓይነት አይቀበልም። ወደ ኦግ ወይም ወደ ፍላክ ቀይሩት። ማመሳከሪያው ላይ ደቂቃውንና ሴኮንዱን ጻፉ፤ በመጽሐፍ የገጽ ቁጥር ቦታ የሚቆመው እሱ ነው። ዓረፍተ ነገሩም «በጀጎል ነዋሪ የሆኑ አንድ እናት እንደገለጹት» ብሎ ይጀምር። ለአቀማመጥ ሥርዓት፣ ለምግብ አሠራር፣ ለቦታ ስም አመጣጥ ይህ በቂ ነው። ለቁጥር፣ ለዓመተ ምህረት፣ ለዘር ሐረግ፣ ለመሬት ባለቤትነትና በሕይወት ስላለ ሰው ግን በፍጹም።

ሳቢያን፦
አቦ፣ ፈቃድ የሚለውን በአንድ ቃል አትለፉት! «ቅዳኝ» ማለትና «ለዓለም ልቀቀው» ማለት አንድ አይደሉም። ኮመንስ ላይ በክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ማለትም ለሁሉም ክፍት በሆነ የአጠቃቀም ፈቃድ፣ የወጣ ድምፅ ማንም ሊወስደው፣ ሊቆርጠው፣ ሊሸጠውም ይችላል። አንዴ የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ አይሻርም። እናቶቻችን ይህን በሚገባቸው ቋንቋ፣ በጌይ ሲናን (በሐረሪኛ) ወይም በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ፣ ከመቅዳታችን በፊት ሊሰሙት ይገባል። ካመነቱ ይቅር። መጽሐፍ እንጠቅሳለን።

ደቻቱ፦
ዓመተ ምህረት ለቃል ምንጭ አይሰጥ በሚለው እስማማለሁ፤ የታተመውም ሲተረጎም ይበላሻል። ሁሉም ዝም ብሎ 8 ይቀንሳል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ የሚቀነሰው 7 ስለሆነ 1895 ዓ.ም. ይሆናል፣ 1894 አይደለም። የጀጎል ምዝገባ ግን በሐምሌ 2006 ስለነበር 8 ተቀንሶ 1998 ነው። ወሩን ካላወቃችሁ አትቀይሩ፤ «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ እንዳለ ተዉት።

ከዚራ፦
በሸዋ በር ሐሳብ ላይ ሳቢያን ያለችው ከተጨመረበት ተቃውሞዬን አነሳለሁ። የስም ጉዳይ ግን ለብቻው ይታይ፣ ጠብ የሚነሳው እዚያ ላይ ነውና። ከጀጎል በሮች አንዱ በጌይ ሲናን በድሮ በሪ፣ በአማርኛ ቡዳ በር ነው። አንዱ ገብቶ አንደኛውን ያጠፋል፣ ሌላው ይመልሳል። ሁለቱም ስሞች በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይግቡ፣ በሌላው ስም የሚፈልግም በመምሪያ መንገድ (ወደ ዋናው ገጽ በሚመራ ርዕስ) እዚያው ይድረስ። የጻፋችሁት ከተሰረዘ መልሳችሁ አትለጥፉ፤ ወደ ውይይት ገጹ ሂዱ። እንግሊዝኛው ላይ በ24 ሰዓት የሌላን ሰው ለውጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ወደ ነበረበት መመለስ ያሳግዳል። እኛ ጥቂቶች ስለሆንን አንዱ መመለስ እንኳ ሰው ያስኮርፋል። ለውጡ ሲቀመጥ ምክንያቱ የሚጻፍበትን የማጠቃለያ ሳጥንም ባዶ አትተዉ፤ «ምንጭ ስለሌለው አነሳሁት፣ ውይይት ገጹን እይ» ማለት አንድ መስመር ነው።

ፈረስ መጋላ፦
ተስማምቻለሁ፤ አንድ ነገር ግን አልለቅም። መጽሐፉና እናቲቱ ሲለያዩ እናቲቱ አትሰረዝ። ሁለቱም በየስማቸው ይቀመጡ፣ አንባቢው ይመዝን።

ከዚራ፦
ስለ ነደባ ከሆነ ይሁን። ስለ መስጊዶቹ ቁጥር ከሆነ አሁንም አይሆንም።

ሸዋ በር፦
እንግዲያው ረቂቁን ከነልዩነቱ ውይይት ገጹ ላይ አስቀምጣለሁ። ለሰባት ቀን ይቆይ። አስተያየት ስትጽፉ መጨረሻው ላይ አራቱን የማዕበል ምልክት (~~~~) አትርሱ፤ ስማችሁና ሰዓቱ የሚወጣው በእሱ ነው። አለዚያ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም።