አስቸኳይ፦ የእማዬ ፓፍ አልረጭ አለ፣ የሳንባ ወረቀቷም አስደንግጦናል

የአራዳው (ማታ 3:40)
ቤቶች ድረሱልኝ። ያለነው ፒያሳ ነው። እማዬ ዛሬ በቱቦ እያስነፉ ሳንባዋን ለክተዋት ወረቀት ይዛ መጣች፤ 0.61 ይላል። ሐኪሟ የሚገኘው ሰኞ ነው። ሳንባዋ የሚሠራው 61 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው? ሲጋራ ቀምሳ አታውቅም፣ ማሽኑ ነው የተበላሸው መሰለኝ። ይሄ ሳያንስ የሰጧት ሳልቡታሞል ፓፍ (የአየር ቧንቧ የሚከፍተው መርጫ) ስጫነው ምንም አይወጣም። እያሳለች ነው፣ ቶሎ በሉ!

ሚኪ 4 ኪሎ
ብረቱን ንቀለውና ፕላስቲኩን ብቻ በሞቀ ውሃ እጠበው። ቀዳዳው ተደፍኖ ነው።

ደጃች ውቤ
ሊፍቱ የቆመ ሕንፃ 5ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ዘይት ተሸክሜ ስገባ እኔም 0.61 ነኝ።

የእንጦጦ አየር
ልጄ አትደንግጥ፣ ዕድሜ ነው። ከ50 በኋላ ዳገት ሲወጣ የማያለከልክ ማን አለ? ደግሞ ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጦስኝ አፍላና በማር ስጣት።

ጋሽ ማስረጃ
ዕድሜ ብሎ ማለፍ አይቻልም። እርግጥ ጉልምስና ሲጀምር የሁላችንም ትንፋሽ በየዓመቱ በጥቂቱ ይቀንሳል። 0.61 ግን የቀረ ሳንባ መጠን አይደለም። እስከ መጨረሻው ከነፉት አየር 61 በመቶው በመጀመሪያው ሰከንድ ወጣ ማለት ነው። ፓፍ ተወስዶም ከ0.70 በታች ከሆነ የአየር ቧንቧው ጠቧል ይባላል። ብርቅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በ12 ቦታዎች 40 ዓመት የሞላቸውንና ከዚያ በላይ የሆኑትን አስነፍቶ፣ ከ10 ሰው 1 ያህሉ መካከለኛ ወይም የባሰ ጥበት እንዳለበት አገኘ፤ ወንድ 11.8፣ ሴት 8.5 በመቶ። ከአፍሪካ የገባችው ኬፕ ታውን ብቻ ነበረች፣ ከሁሉም የባሰባትም እሷው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ኋላ ላይ እንዳወጡት ደግሞ እንዲህ ካለባቸው ሰዎች ሩብ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው አጭሰው የማያውቁ ናቸው። ስለዚህ ማሽኑን አትውቀስ።

የአራዳው
ጋሼ ትምህርቱ ይቆየኝና ፓፉስ? ዕድሜዋ 58 ነው።

ሚኪ 4 ኪሎ
አልኩህ እኮ፣ ፕላስቲኩን እጠበው።

ባለሱቁ
ብረቱን ውሃ ውስጥ ጣለው። ከተንሳፈፈ አልቋል።

ሲስተር
ኧረ ብረቱን ውሃ እንዳታስነኩት! አፉ ይደፈናል፣ መንሳፈፉም የሚነግርህ ነገር የለም። አዲስ ከሆነ በደንብ ነቅንቀህ 4 ጊዜ ወደ አየር እርጨው። ከዚያ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ቅደድና ሰካው፤ 1 ጊዜ እርጭ፣ እናትህ በጠርሙሱ አፍ ቀስ እያሉ 5 ጊዜ ያህል ይሳቡ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ እኛን አትጠብቅ፦ 907 ደውል፣ ወይም ጥቁር አንበሳ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው፣ ቅርብህ ነው።
ደግሞ 0.61 ፓፍ ከመውሰዳቸው በፊት ነው በኋላ? ወረቀቱ ላይ ስንት ረድፍ ቁጥር አለ? ቲቢ ታመው ያውቃሉ? በእንጨት ያበስሉ ነበር?

የአራዳው
1 ረድፍ ብቻ ነው። ቲቢ ድሮ ታማ መድኃኒቷን ጨርሳ ድናለች፣ እሱ ምን አገናኘው? ያሳደገችን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው፣ በእንጨት ነዋ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛንላት አምና ነው።

ሲስተር
በስማም! መጀመሪያ የሚጻፈው ይሄ ነበር። ቲቢ ቢድንም ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። የዓመታት ጭስም ሲጋራ ባይኖር ብቻውን ይበቃል። ሰኞ ሁለቱንም ለሐኪሙ ንገር። 1 ረድፍ ከሆነ ፓፍ ሳይሰጣቸው ነው የነፉት ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ አስምም ሊሆን ስለሚችል ፓፍ ተሰጥቷቸው ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይነፉ እንደሆነ ጠይቅ።

ደጃች ውቤ
ለመሆኑ የፓፉን ክዳን አንስተኸዋል?

የእንጦጦ አየር
እኔም በጭስ ቤት ነው ያደግሁት፣ ይኸው ምንም አልሆንኩም።

ጋሽ ማስረጃ
ነፍተው ያውቃሉ?

የእንጦጦ አየር
ፊኛ።

ሚኪ 4 ኪሎ
አራዳው፣ ታጠበ?

ቤዛ
ይቅርታ ልግባ። አባቴ 63 ነው፣ እሱም ታክሲ እስኪመጣ መቆም እያቃተው ነው። ይሄን መነፋት የት ነው የሚሠሩት?

ሲስተር
ጥቁር አንበሳ የሳንባ ክሊኒክ አለ፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ። የድሮ ራጅ ካላቸውም ይዘው ይሂዱ።