የጳጉሜን እረፍታችን ከዓመት ፈቃድ ሊቆረጥ ነው፤ ልፈርም?

ጥያቄ (ከጅማ)፦ የምሠራበት ትልቅ ድርጅት ቡና አበጥሮ ወደ ውጭ ይልካል። እስካሁን ከጳጉሜን 1 እስከ መስከረም 2 ሲዘጋ ደመወዛችን አይነካም ነበር። አሁን «ይዘጋል፤ ግን 7ቱ ቀን ከዓመት ፈቃድ ይቀነሳል፤ ፈቃድ የሌለው ከደመወዙ ይቆረጥበታል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። የስምምነት ቅጽም እያስፈረሙ ነው። መስከረም 1ንም ልናጣ ነው? ደመወዜ በወር 9,360 ብር ነው።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ መስከረም 1ን ማንም አይወስድብህም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕዝብ በዓል ደመወዝ የሚከፈልበት ነው፤ የወር ደመወዝተኛ በበዓል ባለመሥራቱ አይቆረጥበትም። መስከረም 17ና መውሊድም እንደዚያው። በቀን ወይም በኪሎ የሚከፈላቸው ግን ውላቸውን ወይም የኅብረት ስምምነቱን (የሠራተኛ ማኅበሩና ድርጅቱ የተፈራረሙትን) ይዩ።

ጳጉሜን ሌላ ነው፤ በዓል አይደለም። ዝግ ሆኖ ደመወዝ መክፈሉ በኅብረት ስምምነቱ ከተጻፈ በማስታወቂያ አይሻርም። የትም ካልተጻፈ «ሁሌ ይሰጠን ነበር» የሚለው ክርክር ብቻውን ደካማ ነው።

የሠራተኛ ማኅበር ሰው፦ «7 ቀን» የሚለው ስሌት ራሱ ስህተት ነው። የዓመት ፈቃድ በሥራ ቀን ነው የሚቆጠረው፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ 1 ይጨመራል። ከ7ቱ ቀን መስከረም 1ና እሑድ ሲወጡ 5 ይቀራል (መስከረም 1 እሑድ ከዋለ 6)።

ቅጹ ለምን እንደመጣ ልብ በል። ፈቃድ ሳይቆራረጥ ነው የሚሰጠው፤ ለሁለት የሚከፈለው ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ነው። ከፈረምክ ጠያቂው አንተ ትሆናለህ። ፕሮግራሙን የሚያወጣው አሠሪው መሆኑ እውነት ነው፤ ቡናው ሳይደርስ ፈቃዱ እንዲያልቅለት መፈለጉም የሚጠበቅ ነው። ግን የሠራተኛውንም ጥቅም በተቻለ መጠን ማየት አለበት።

ሌላ አባል፦ ደመወዝ መቁረጡ ከሁሉ የከፋው ነው። ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ከቀረ ደመወዙ ይከፈለዋል። መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። እንግዲህ ያ ቅጽ ይህንንም በር ይከፍትላቸዋል። ከጳጉሜን በፊት «በተባሉት ቀናት ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ ፈቃዴ ለሁለት እንዲከፈል አልጠየቅኩም» የሚል አጭር ደብዳቤ አስገባ። መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን ያስፍሩበት፤ ኮፒው አንተ ጋ ይቅር። በቃል የተባለ ነገር በኋላ አይገኝም። የማስታወቂያውንም ፎቶ አንሳ፤ ነገ ሊነቀል ይችላል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ጥበቃና ማሽን ክፍል ያሉት መስከረም 1 ግቡ ተብለዋል፤ ስንት ነው የሚታሰብላቸው?

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ በሳምንት 48 ሰዓት ከሆነ ወሩ 208 ሰዓት ነው። በአንተ ደመወዝ 9,360 ለ208 ሲካፈል 45 ብር። በበዓል የተሠራ መደበኛ ሰዓት በእጥፍ 90 ነው፤ 8 ሰዓት 720 ብር ይሆናል። ከ8 ሰዓት በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ስለሆነ በ2.5 ተባዝቶ በሰዓት 112.50 ነው። ሒሳብ ክፍሎች ሁለቱን ያምታታሉ፤ የክፍያ ወረቀቱ ላይ ለየብቻ ይጻፍ በሉ። በዓሉ እሑድ ላይ ቢውል ክፍያው አንድ ነው፤ ድርብ አይጠየቅም።

የማኅበር ሰው፦ መጀመሪያ በማኅበሩ በኩል በጽሑፍ አቅርቡ። ካልሆነ የከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የአሠሪና ሠራተኛ ክፍል ሂዱ፤ ውል፣ የክፍያ ወረቀትና የደብዳቤውን ኮፒ ይዛችሁ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው አልፎበት) ይቀራል፤ «ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን» ካሏችሁ አትጠብቁ።